አዋሽ ጣቢያ፦ ባቡሩ ለምን እዚያ ያድር ነበር?

የከዚራ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የድሬዳዋ ትልልቆች ስለ ባቡር ሲያወሩ «አዋሽ አድረን» የምትል ነገር አትጠፋም። ከድሬ አዲስ አበባ በሐዲድ 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ታዲያ ያኔ ማደር ለምን አስፈለገ? ከመተሐራ እስከ ሚኤሶ ካሉት ጣቢያዎች ሁሉ አዋሽ የተመረጠበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ስለ ለገሃርና ስለ ድሬዳዋ ጣቢያ የተጻፈ ሞልቷል። ስለ አዋሽ ስፈልግ ግን የማገኘው ስለ ፓርኩና ስለ ፏፏቴው ብቻ ነው። የምታውቁትን ወርወር አድርጉልኝ።

ናዚ 88
ውሃ ነዋ! የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም። ወንዝ ያለበት ቦታ ቆሙ፣ አለቀ።

የከዚራ ልጅ
ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል እኮ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዱ ነው የሚያድሩት? 😄

ፉርጎ
ልጄ፣ እኔ ምድር ባቡር ነው ያደግኩት፤ አባቴም እኔም እንጀራችንን የበላነው ከሐዲድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሱኝ።

የጥንቱ ባቡር በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጅቡቲ ድሬዳዋ፣ በሁለተኛው ድሬዳዋ አዋሽ፣ በሦስተኛው አዋሽ አዲስ አበባ። መንገደኛው ሁለት ሌሊት ያድራል፣ አንዱን ድሬ፣ ሁለተኛውን አዋሽ። ድሬዳዋ ጋራዡም ሠራተኛውም የኩባንያው ሹማምንትም ያሉበት ትልቅ ከተማ ስለሆነ ማደሩ አይደንቅም። አዋሽ ግን ባቡሩ ሳይመጣ በፊት ከተማ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ቦታውን የቆረጠው የጊዜ ሰሌዳው ነው፤ ጠዋት ከድሬ የተነሣ ባቡር ሳይመሽበት የሚደርስበትና በማግሥቱ አዲስ አበባ የሚገባበት ቦታ ሲፈለግ አዋሽ ላይ ወደቀ።

በሌሊት የማይሄድበት ምክንያት አንድ አይደለም። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ብረቱም ቀጭን ነበር፤ መጀመሪያ የተነጠፈው በሜትር 20 ኪሎ የሚመዝን ነው። በቆላው ደግሞ አሥር ወር ሙሉ ደርቆ የሚከርም አሸዋማ ወንዝ ሁሉ ደጋ ላይ ሲዘንብ በድንገት ሞልቶ ይመጣል። ዝናብ ራስህ ላይ ሳይወርድ ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎት ታገኛለህ። ይህን በቀን ሲሆን ነጂው አይቶ ያቆማል፣ በሌሊት ግን በምን ያየዋል? በዚያ ላይ ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ መተኛት ይወዳሉ። ጠጠሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋ ይመቻቸዋል መሰለኝ።

ናዚ ያልከው የውሃ ነገርም ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱ ውሃ ብቻ አልነበረም። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ጉዞ በአመዛኙ ዳገት ነው። ማሽኑ ሌሊቱን አርፎ፣ አመዱ ተጠርጎ፣ ውሃና ማገዶ ሞልቶ ንጋት ላይ መነሣት ነበረበት።

ዳግማዊ
ጥሩ ጽሑፍ ነው ጋሼ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ አጼ ምኒልክም በባቡር ሲሄዱ አዋሽ ጣቢያ አድረዋል፤ አያቴ ነግሮኛል።

ዘመን ቆጣሪ
ወንድም ዳግማዊ፣ አያትህን አከብራለሁ፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ምኒልክ ለስዊሱ ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. መባቻ፣ ድሬዳዋ የደረሰው ታኅሣሥ 1895። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን «የማን ይሁን» ብለው ተጨቃጨቁ፣ ምኒልክም ሐዲዱ የውጭ መንግሥት ንብረት ሊሆን ነው ብለው ጠረጠሩ (እውነታቸውን ነው)። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲሱ ፈቃድ ለንጉሡ ሐኪም፣ ከጓዴሎፕ ለመጣው ለዶክተር ቪታልየን ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል ምኒልክ በጽኑ ሕመም ተይዘው ነበር። ያረፉት ታኅሣሥ 1906 ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው 1909 ነው። በሕመም አልጋ ላይ የነበሩ ንጉሥ ወርደው አዋሽ አደሩ ብንል ማን ያምነናል?

ዳግማዊ
እሺ አያቴ ሌላ ንጉሥ ይሆናል ያሉት። ፈረንጆች የጻፉትን ብቻ ማመንም ልክ አይደለም።

ዘመን ቆጣሪ
ሌላ ንጉሥማ አለ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አጼ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲሄዱ በዚሁ ሐዲድ ነው ወደ ጅቡቲ የወረዱት። ከዚያ በፊትም በኋላም በአዋሽ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፉ ማን ይቆጥረዋል! የሐረር ሰው አይደሉ?

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ መስመሩ የተመረጠበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ነጭ አባይ ይል ነበር። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ብዙ ገንዘብ ይበላል ተብሎ ቀረች፤ በግርጌዋ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህም የሲራራ ነጋዴው የሚሄድበት የጨርጨር ደጋ፣ ውሃውም ገበያውም ሕዝቡም ያለበት፣ ወደ ጎን ተትቶ ሐዲዱ በተራራው ሥር በቆላው ተዘረጋ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ ከተማ የሆኑት በዚህ ነው። ባቡሩ በደጋው ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ስለ አዋሽ ጣቢያ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ነበር።

ሸንኮራ ሻጭ
እኔ የመተሐራ ልጅ ነኝ፣ ታሪክ አላጠናሁም፤ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባቡሩ ሲመጣ ከዓይን በፊት የሚያውቀው እግር ነበር፤ መሬቱ ይርገበገባል። ያኔ ሁላችንም የሸንኮራ እስራችንን ይዘን ወደ ጣቢያው እንሮጣለን። መስኮት ላይ ዋጋ መከራከር አይቻልም፤ ባቡሩ ይነሣብሃል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ይህን አውቆ ሸንኮራውን ከተቀበለ በኋላ ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል፣ ይዳብሳል፣ ባቡሩ እስኪነሣ ይዳብሳል 😂 እኛም ተምረን መጀመሪያ ብሩን፣ ኋላ ሸንኮራውን ማለት ጀመርን። ኤረር የብርቱካን፣ አዋሽ የአፋር እናቶች ወተትና የሰሌን ምንጣፍ ነበር። ከየት እንደደረስክ መስኮቱ ላይ በሚንጠለጠለው ነገር ታውቃለህ።

ስለ በሰቃ ሐይቅስ ማን ያወራል? እኔ ሳድግ ከሐዲዱ ራቅ ያለ ነገር ነበር። እየሰፋ እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱንና አስፋልቱን ሊውጥ ደረሰ። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም አይሆን፣ ለብረቱም ጠላት።

ፉርጎ
እህቴ እውነትሽን ነው። በሰቃ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2000ዎቹ ከ40 በላይ ሆኗል። በዚያ መካከል ባቡሩ ውሃ ለውሃ ሲሄድ አይተናል፣ ግራና ቀኝ ሐይቅ ሆኖ። መደቡን ድንጋይ እየጨመሩ ከፍ ማድረግ ነበር ሥራው ሁሉ።

ጨው ካነሣሽ አይቀር ስለ ትራቨርሱ ልበል። ሐዲዱ የሚተኛበት አግዳሚ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ እንጨት ነው፤ የእኛ ብረት ነው። እንጨት ቢሆን ምስጥ በአንድ ዓመት ይጨርሰው ነበር። የብረቱ ትራቨርስ ሆዱ ክፍት ስለሆነ የመንገድ ጥገናው ሠራተኛ ጠጠር ከሥሩ በደንብ ካልጠቀጠቀለት ባዶ ይሆናል። በመዶሻ መታ መታ ስታደርገው ድምፁ ይነግርሃል፤ የጠገበው ድም ይላል፣ ባዶው ይጮሃል። ጎበዝ አለቃ እየሄደ በእግሩ ብቻ ረግጦ ይለየው ነበር።

የከዚራ ልጅ
ጋሼ ይህንን ነው የምፈልገው! እስቲ ስለ ሆቴሉም።

ቡጌንቪላ
ሆቴሉን ለእኔ ተዉልኝ። ቡፌ ደ አዋሽ ይባላል፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው፣ ሐዲዱን ተሻግረህ ትገባለህ። ባቡሩ ስለሚያድር መኝታና እራት የግድ ነበር፤ እሱ ነው አመጣጡ። ሰፊ በረንዳ፣ ጥላ ያለው ግቢ፣ ቀይና ሐምራዊ የቡጌንቪላ ሐረግ። ለብዙ ዓመት ያስተዳደሩት ግሪካዊት እመቤት ነበሩ። እናቴ ከአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ጋር ተሳፍራ አንድ ጊዜ እዚያ በልታለች፤ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ነው። በረሃ መካከል ነጭ ልብስ ማን ያጥበዋል እያለች። የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ግን ወይ ፉርጎው ውስጥ ወይ ደጅ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያድረው። ይሄም ይመዝገብ፤ የአዋሽ አዳር ለሁሉም ሆቴል አልነበረም።

ፉርጎ
ልክ። አዳሩ የቀረውም በአንድ ቀን አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪና መጣች፣ ፈጣን ናት፣ መንገደኛ ብቻ ነው የምትጭነው። ከነጻነት በኋላ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ናፍጣ ሎኮሞቲቩ ገባ። ናፍጣ ውሃ አይጠብቅም፣ አመድ አያስጠርግም፤ በሌሊትም መሄድ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አዋሽ ማደሪያ መሆኑ ቀርቶ ባቡር ከባቡር የሚተላለፍበት፣ ነጂ የሚቀየርበት፣ ሻይ የሚጠጣበት ጣቢያ ሆነ። ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ካልጠበቀ ሌላው አያልፍም።

ብርሃኑ ዘ ናዝሬት
ድልድዩን ረሳችሁት። የአዋሽ ገደል እኮ ቀላል አይደለም። በ1933 ጣሊያን ሲሸሽ ድልድዮቹን አፈረሳቸው፤ እንግሊዞች ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግሱ አዋሽ ላይ የተጋጠማቸው የፈረሰ ድልድይ ነው። በ1969 እና 70 ደግሞ በሶማሊያ ወረራ ከድሬዳዋ በታች ያለው መስመር ተመታና ባቡሩ ለወራት ቆመ።

ናዚ 88
የ77ቱን አደጋም አንሱ እንጂ።

ፉርጎ
ላነሣው አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ታሪክ ከሆነ ይነሣ። ጥር 1977 ዓ.ም. ነው። ፈጣኑ ባቡር ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ጭኖ ነበር። አዋሽ አካባቢ ጠመዝማዛ ላይ ያለ ድልድይ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ከሐዲድ ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 ሰው በላይ ሞተ፣ የቆሰለው ከ500 ይበልጣል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ጊዜው የድርቁ ጊዜ ስለነበር አገሩ ሌላ ሐዘን ላይ ነበር፤ ለዚህኛው ብዙም አልተለቀሰለትም። የአዋሽ ሰው ግን ሌሊቱን ፋኖስ ይዞ ወርዷል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቡጌንቪላ
ነፍሳቸውን ይማር 🙏

ዳግማዊ
ለመሆኑ ባቡሩን የገደለው ማን ነው? እኔ እንደማውቀው ኢሕአዴግ ነው። ሆን ብሎ አዳከመው፣ የጭነት መኪና ባለቤቶች እንዲጠቀሙ።

ዘመን ቆጣሪ
ነገሩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። መኪናው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲገፋው ነው የኖረው። የአሰብ መንገድ ከተሠራና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ከቆመ በኋላ ትልቁ ጭነት ወደ ጎማ ዞረ። ኩባንያው በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ዋና መሥሪያ ቤቱን ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ቢያዛውርም፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ቢሆንም፣ ሐዲዱ ያው የጥንቱ ሐዲድ ነበር። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ጅቡቲ ብቸኛ በር ስትሆን ባቡሩ ነፍስ ይዘራል ተብሎ ነበር። ጭነቱ በእጥፍ ሲጨምር ያነሣው ግን ተሳቢ ነው።

ዳግማዊ
ያው አላልኩም? በማን ዘመን ነው ታዲያ!

ዘመን ቆጣሪ
የሞተውማ በእነሱ ዘመን ነው፣ አልካድኩም። የታመመው መቼ ነው ነው ጥያቄው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ሲቋረጥ የሐዲዱ ዕድሜ 90 አልፎታል። ምትኩን በወቅቱ ያላዘጋጀ ማንም ይሁን ተጠያቂ ነው፤ ከንጉሡም ከደርግም ጀምሮ።

ሸንኮራ ሻጭ
ፖለቲካውን ተዉትና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባቡሩ ሲቆም ሸንኮራ መሸጥ አልቆመም፤ አስፋልት ዳር ወጣን። የቆመው የሴቶቹ ንግድ ነው፤ ከድሬ ልብስና ሽቶ ጭነው የሚመጡት። እነሱ ፉርጎውን እንደ ቤታቸው ነበር የሚያውቁት፤ ፈታሽ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የትኛው ወንበር ሥር ባዶ እንደሆነ። አንዷ ሰባት ቀሚስ ደርባ ለብሳ አዋሽ ኬላ ላይ «እርጉዝ ነኝ» ብላ ያለፈችውን ሰምታችኋል? መተሐራ ስትደርስ ወገቧ ቀጥኖ ወረደች 😂

የከዚራ ልጅ
😂😂 ድሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ ሁሉም ግን «አክስቴ ናት» ይላል።

ብርሃኑ ዘ ናዝሬት
አሁን ስላለው ልጻፍ። አዲሱ የቻይኖች መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱ ሰፊ። እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። አዋሽም ጣቢያ አለው፤ ግን የድሮው ጣቢያ ካለበት ከከተማው መካከል አይደለም። የድሮው ጣቢያ ከተማ ወለደ፤ አዲሶቹ ጣቢያዎች ደግሞ ሁሉም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት፣ ባጃጅ ይዘህ ነው የምትሄደው። ለጭነት ይመቻል ይሆናል። ሸንኮራ ለሚሸጥ ሰው ግን አጥርና ጥበቃ ነው የሚገጥመው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አዋሽ አሁን መገንጠያ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር የቱርክ ኩባንያ ሲሠራ ቆይቷል። በጃንሆይ ጊዜ ከናዝሬት ወደ ዲላ ለቡና የሚሆን ቅርንጫፍ ታቅዶ ወረቀት ላይ ነው የቀረው፤ የእኔ ከተማ ያጣችውን አዋሽ አገኘች ማለት ነው።

ፉርጎ
ያንን የዲላውን ወሬ እኛም ስንሰማ ነው ያደግነው፤ «ዘንድሮ ይጀመራል» ይባል ነበር።

የከዚራ ልጅ፣ የድሮውን ጣቢያ ለማየት ከፈለግክ ሄደህ ማየት ትችላለህ፤ በረንዳውና ሆቴሉ ያሉበትን ማንኛውም የአዋሽ ሰው ያሳይሃል። ቀትር ላይ ግን አትሂድ፤ በዚያ ሙቀት የሚያናግርህ ሰው አታገኝም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ግድም ሽማግሌዎቹ ወጥተው ይቀመጣሉ። ከእነሱ መካከል ጥገና ላይ የሠሩ አሉ። ስለ ባቡር ከመጠየቅህ በፊት ስለ ጡረታቸው ጠይቃቸው፣ ከዚያ በኋላ ዝም በል፤ እነሱ ይቀጥላሉ።

የከዚራ ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለፋሲካ ወደ ድሬ ስወርድ አዋሽ አድራለሁ። የሰዎቹን ድምፅ እቀዳለሁ፣ ፎቶም እለጥፋለሁ። የድሮ የጊዜ ሰሌዳ ወይም የጉዞ ቲኬት ቤቱ ያለው ሰው ካለ ፎቶ አንሥቶ እዚሁ ይለጥፍልኝ፤ የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶቹን አንድ ላይ ማሰባሰብ እፈልጋለሁ።

ቡጌንቪላ
የእናቴ ሣጥን ውስጥ አንድ አለ፣ አንደኛ ማዕረግ። እሑድ ሄጄ አነሣዋለሁ። የጠረጴዛ ልብሱን ታሪክ ሳትደግም ሣጥኑን አትከፍትልኝም እንጂ።